ጦሳን ሳሎን ውስጥ መስቀል፦ የእንቁጣጣሽ ሳጥን አሠራር

ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ ቡናውን ሳይጨርስ ይነሳና ግድግዳው ላይ ያለችውን ሳጥን ጠጋ ብሎ ያያታል። መስታወቱን በጣቱ ነካ ያደርጋል። ከዚያ «ይሄ ሁሉ ነገር እንዴት ገባ?» ይለኛል። ማስረዳት ስጀምር ቡናው ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ጻፍኩት።

ተራ ፍሬም ፎቶ ይይዛል፣ አለቀ። የበዓል ሳጥን ግን ጥልቀት አላት። ፊቷ መስታወት ነው። ከመስታወቱ ኋላ አራት አምስት ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ አለ፤ እዚያ ውስጥ ተራራው፣ ቤቱ፣ አበባውና ሰው በየርቀታቸው ይቆማሉ፣ ብርሃን ከጎን ሲመታቸው ደግሞ አንዱ በሌላው ላይ ጥላውን ይጥላል። ውበቷ ያ ጥላ ነው። ጥላ ደግሞ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። የመጀመሪያዋን ሳጥኔን ስሠራ ይሄ አልገባኝም ነበር፤ አበባ፣ ጀበና፣ ከበሮ፣ ችቦ፣ ዶሮ ሳይቀር አጨቅኩባት። እናቴ አየቻትና «ምነው ልጄ፣ ሰኞ ገበያ ነው እንዴ?» አለች። ልክ ነበረች።

አንድ በዓል፣ አንድ ትዕይንት ምረጡ። እኔ የማሳያችሁ እንቁጣጣሽን ነው፦ ከኋላ የደሴው ተራራ ጦሳ፣ መሀል ላይ ጥቂት የደሴ ቤቶች፣ ከፊት አደይ አበባና ሦስት ልጃገረዶች። በቃ።

መጀመሪያ ሳጥኑ። እንጨት ሥራ የሚችል ሰው ቤት ካለ ሰንበት ከሰዓት ያልቃል፤ ከሌለ ጣውላውን እንጨት ቤት አስቆርጡት። ውፍረቱ 1፣ ስፋቱ 7 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ ይበቃል። ሁለቱን 32፣ ሁለቱን 24 ሳንቲ ሜትር አስቆርጡ። ረጃጅሞቹ ከላይና ከታች ይሆናሉ፤ አጫጭሮቹ በመሀላቸው ግራና ቀኝ ይገባሉ። ያኔ ውስጡ 30 በ24 ይሆናል ማለት ነው። በኮላ አጣብቁና በቀጭን ሚስማር ያዙት። ጀርባው 32 በ26 የሆነ ኮምፔንሳቶ ነው፤ እሱን ግን እንዳታጣብቁት! በአራት ትንንሽ ብሎን ብቻ ነው የሚታሰረው። ሁሉንም ነገር የምንሠራው ኮምፔንሳቶው ላይ ነው፣ ሳጥኑ መጨረሻ ላይ እንደ ክዳን ይከደንበታል። በጠባብ ሳጥን ውስጥ እጅ ከትቶ ሙጫ መቀባት ምን ያህል እንደሚያናድድ ካልሞከራችሁት አታውቁትም።

መስታወቱ እንዲያርፍበት ከፊት በኩል ውስጡን ዙሪያውን ቀጭን እንጨት ለጥፉ። መስታወቱ ከኋላ ይገባና እሱ ላይ ይደገፋል፤ ከዚያ በሌላ ቀጭን እንጨት ከጀርባው ታስሩታላችሁ። ባለ 3 ሚሊ ሜትር መስታወት ይበቃል። ስታስቆርጡ ከውስጡ ልክ ሁለት ሚሊ ሜትር ቀንሱ፣ ማለትም 29.8 በ23.8። እኔ አንዴ የውጪውን ልክ ሰጥቼ ከፒያሳ እስከ ቤት መስታወት ታቅፌ በእግሬ ከመጣሁ በኋላ አልገባ አለኝ። ቆራጩ ያዘዝኩትን ነው የቆረጠው፣ ምን ልበለው። የመስታወቱን ጠርዝ በውሃ በረጠበ የብርጭቆ ወረቀት ሸርሸር አድርጉት፣ እጅ ይቆርጣል።

ከልጆች ጋር ከሆነ ይሄን ሁሉ ተዉት። የጫማ ካርቶን ውሰዱ፣ ክዳኑን መስኮት አድርጋችሁ ቁረጡት፣ በመስታወት ፋንታ የፋይል ሽፋን ፕላስቲክ ለጥፉበት። የቀረው ሥራ ያው ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ኮምፔንሳቶው ላይ ከየጠርዙ አንድ ሳንቲ ሜትር ገብታችሁ በእርሳስ መስመር አስምሩ። ከመስመሩ የወጣ ነገር ሳጥኑ ሲከደን ይጨፈለቃል። ከዚያ ሥራውን በሦስት እርከን ክፈሉት። እኔ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እላቸዋለሁ። አቦል ኮምፔንሳቶው ላይ የሚለጠፈው ነው፣ ሰማይና ሩቅ ተራራ። ቶና ከሱ 1.5 ሳንቲ ሜትር ወደፊት ይወጣል። በረካ 3 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቆማል። ከበረካው እስከ መስታወቱ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሳንቲ ሜትር ክፍት ይቅር። እርከኖቹን ከፍ ለማድረግ የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ነጩ ፎም ጥሩ ነው፤ ከሌለ ካርቶን ቆራርጣችሁ ደራርቡ። የመደገፊያዎቹ ቁርጥራጮች ከፊት እንዳይታዩ ከተራራው ጠርዝ በደንብ ወደ ውስጥ ይግቡ።

አቦሉ ላይ ጊዜ ስጡ። ሰማዩን ፈዛዛ ሰማያዊ ቀቡት። ለጦሳ ወፍራም ወረቀት ቀቡና በመቀስ ሳይሆን በእጃችሁ ቅደዱት፤ የተቀደደው ጠርዝ ነጭ ጭረት ያወጣል፣ ጭጋግ የያዘው የተራራ ጫፍ ይመስላል። ሌላው ቀለሙ ነው። ደሴ ያደገ ሰው ይሄን ሳያስተውለው ያውቀዋል፤ ጠዋት በር ላይ ቆማችሁ ብታዩ የቅርቡ ኮረብታ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ከሱ ኋላ ያለው ግራጫ ቢጤ፣ የመጨረሻው ሰማይ ውስጥ ሊጠፋ ነው። ሳጥናችሁም እንደዚያ ይሁን። የኋላው ፈዛዛ፣ የፊቱ ደማቅ። በተቃራኒው ካደረጋችሁት ተራራው ዘሎ ፊታችሁ ላይ ይመጣል፣ ሰባት ሳንቲ ሜትሩ ሁለት ይሆንባችኋል። ጥጥ ካላችሁ ትንሽ ቆንጥራችሁ እስኪሳሳ ድረስ ዘርጉና በአቦልና በቶና መሀል አድርጉት። ትንሽ ነው ያልኩት። ከበዛ ትራስ የፈነዳ ይመስላል።

ቶናው ላይ ቤቶቹ ይቆማሉ። አንድ የምወዳት ዘዴ አለች። የካርቶንን አንዱን ፊት በውሃ አርጥባችሁ ብትልጡት ውስጡ ያለው ባለሸንተረሩ ወረቀት ይወጣል፤ እሱ ቁርጥ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው! ግራጫ ቀቡት፣ ከዚያ በደረቅ ብሩሽ እዚህም እዚያም ቡናማ ነካ ነካ አድርጉት፣ ዝገት ይሆናል። ግድግዳውን በተራ ካርቶን ሥሩ። ሦስት አራት ቤት ይበቃል፣ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብሎ፤ ደሴ ውስጥ በአንድ ደረጃ የተሰለፈ ሰፈር የት አለና።

መሬቱን በጤፍ ነው የምሠራው። ካርቶኑን ኮላ ትቀቡና ቀይ ጤፍ ትነሰንሱበታላችሁ፣ መንገዷን ደግሞ በነጭ ጤፍ። ሲደርቅ የተረፈውን አራግፉ። ለምን ጤፍ? በመጀመሪያ ደቃቅ ነው፣ አፈር ይመስላል። ሁለተኛ፣ ነቀዝ አይደፍረውም። አንዲት ጓደኛዬ በስንዴና በበቆሎ ፍሬ ቆንጆ ሳጥን ሠርታ ነበር፤ ከወራት በኋላ መስታወቱ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አየች። የግድ ሌላ እህል ካላችሁ እንደ ቆሎ ቁሉትና ይቀዝቅዝ።

አደይ አበባ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። አደይ የሚፈነዳው ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ እናንተ ደግሞ ሳጥኑን ለመስከረም 1 ትፈልጉታላችሁ። ትኩሱን ቀጥፋችሁ ብትለጥፉት በሳምንቱ ይጠወልጋል፣ እርጥበቱ ደግሞ መስታወቱን ያላብሰዋል። ስለዚህ ዘንድሮ የሚለቀመው ለከርሞ ነው። ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ ፀሐይ ሲሞቅ ልቀሙት። ለኋላ እርከን ጠፍጣፋው ይሻላል፦ በሁለት ጋዜጣ መሀል አድርጋችሁ ከባድ ነገር ጫኑበት፣ ጋዜጣውን በየሁለት ቀኑ ቀይሩ። ለፊት ግን ቅርጹን የያዘ ያስፈልጋል። ደቃቅ አሸዋ እጠቡ፣ አድርቁ፣ ሰሃን ላይ አድርጉና አበባውን ፊቱን ወደ ላይ አቁማችሁ ቀስ እያላችሁ አሸዋውን በቅጠሎቹ ሥርና ላይ አፍስሱ። ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው ደረቅ ቦታ ሁለት ሳምንት ይቀመጥ። ስታወጡት እንደ ብስኩት ይሰባበራል፣ ስለዚህ በጣት አትያዙት፤ አሸዋውን አዘንብላችሁ አፍስሱለት። ከአሥር ስድስቱ ከተረፉላችሁ ጎበዝ ናችሁ።

ለዘንድሮ ቸኩያለሁ የሚል ሰው ከቢጫ ክሬፕ ወረቀት ይሥራ። አንድ አበባ ከጓሮ አምጡና ፊታችሁ አስቀምጡ፣ ቅጠሉን እየቆጠራችሁ ቁረጡ። መሀሉ ላይ ኮላ ጠብ አድርጋችሁ ቀይ ጤፍ ብትነሰንሱበት ከእውነተኛው መለየት ያስቸግራል። ቄጤማውን ግን ከወረቀትም አትሥሩት፣ ትኩሱንም አታስገቡት። ትኩሱ ቢጫ ሆኖ ይቀራል፤ እኔን ደግሞ ሻግቶብኝ ያውቃል። አረንጓዴ የሹራብ ክር ቆራርጣችሁ ፈትሉን ፈታ ፈታ አድርጉት፣ ያ ነው።

ልጃገረዶቹ ቀላል ናቸው። ስቴኪኒ ለቁመት፣ ቡናማ የእንጨት ዶቃ ለራስ፣ ጥቁር ክር ለፀጉር። ቀሚሱን ካረጀ ነጠላ ቁረጡት፤ ጥለቱ እግራቸው ሥር እንዲውል ከጠርዙ ጀምሩ። ጥለቱ ሰፊ ከሆነ ልጅቷን ይውጣታል፣ ቀጭኑን ፈልጉ። ልብስ ሰፊ ቤት ብትጠይቁ ቁርጥራጭ በነፃ ይሰጧችኋል። ዓይንና አፍ አትሣሉ። ብዙ ሞክሬአለሁ፣ ሁሌም የደነገጡ ነው የሚመስሉት። ሦስቱን በአንድ መስመር አታቁሟቸው፤ ሁለቱ ጠጋ ይበሉ፣ አንዷ ወደ ኋላ ቀረት ትበል።

አሁን ትዕግሥት። ክረምት ላይ ደሴ ውስጥ ኮላ «ደረቀ» ሲባል አትመኑ። ፊቱ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ነው። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ በአንድ ቀን ትጨርሳለች፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ሙቀት ነዋ፤ እኛ ግን ቢያንስ ሦስት ቀን ሳንከድነው እናቆየዋለን። እኔ አንዴ በዋዜማው ሠርቼ በዚያው ማታ ከደንኩት። በነጋታው መስታወቱ ከውስጥ ላብ በላብ ሆኗል፣ ጦሳ የለም፣ ቤት የለም፣ የሐምሌ ጠዋት ብቻ። ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትመጣውን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አትጣሏት፤ ከቤቶቹ ኋላ ደብቋት።

ከመክደናችሁ በፊት የመስታወቱን ውስጥ በትንሽ አቼቶና በጋዜጣ ወልውሉ። በጣት አትንኩት ከዚያ በኋላ። ሳጥኑን ክደኑ፣ አቁሙት፣ ቀስ አድርጋችሁ ነቅንቁት። የሚንኳኳ ነገር ካለ አሁኑኑ ፍቱትና አጣብቁት፤ ብሎኑ የተሠራው ለዚህ ነው።

መብራት ከፈለጋችሁ በባትሪ የምትሠራዋን ቀጭን የገና መብራት ግዙ። ኮምፔንሳቶውን ብሱና ሽቦዋን አስገቡ፣ የባትሪ ቤቷ ከጀርባ ይቀመጥ። አምፖሎቹ ፊት ለፊት እንዳይታዩ ከጦሳ ጫፍ ኋላና ከላይኛው ጣውላ ሥር ደብቋቸው። ሶኬት ላይ የሚሰካውን አልመክርም፤ ወረቀትና ጥጥ ያለበት ዝግ ሳጥን ነው። ደግሞ የቤቱ መብራት ሲጠፋ አይደል የሚያምረው።

ለሌላ በዓል ሳጥኑን መለወጥ አያስፈልግም፣ ሌላ ኮምፔንሳቶ ብቻ። እኛ ቤት ኢዱም ገናውም አለ፣ እንደ ብዙው የወሎ ቤት፤ ስለዚህ ሦስት ጀርባ አለኝ። የኢዱ ቶናው ላይ የመስጊድ ሚናራ አለ፤ ጨረቃዋን ከወተት ቆርቆሮ ነው የቆረጥኳት። የተምር ፍሬ ታጥቦ ሲደርቅ የኮረብታ ድንጋይ ይመስላል። ኢድ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚመጣ ጦሳን መሀከለኛ ቀለም አድርጉት፣ ከአረንጓዴም ከቢጫም ያልሆነ። ለገና ግን ተራራው ይድረቅ፣ ታኅሣሥ 29 ላይ ሣሩ ወርቃማ ነው። ከፊት የገና ጨዋታ ዱላና ሩር ብቻ በቂ ነው፤ ዱላዋን ጫፏ ከቆለፈ ቀጭን ጭራሮ ሥሯት። በረዶ የለበሰ ዛፍ የምታደርጉ ሰዎች፣ አልከራከርም፣ ግን ደሴ ብርድ እንጂ በረዶ የለበሰ ዛፍ መቼ አይታ ታውቃለች? ለሁለቱም በዓል የሚሆን አንድ ከፈለጋችሁ ቶናው ላይ አይጠየፍን አቁሙት። ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት አዳራሽ ነው፣ ስሙም ይበቃል። ጣሪያውን በዚያው በካርቶኑ ሸንተረር።

ስትሰቅሉት አንድ ሚስማር አይበቃም፣ ክብደት አለው። ብሎኬት ግድግዳ ከሆነ በስታችሁ ሁለት ፊሸር አስገቡ። የጭቃ ቤት ከሆነ ልስኑን ሳይሆን ውስጡ ያለውን እንጨት ፈልጉ፤ ግድግዳውን በጣት ኳ ኳ ስታደርጉት ድምፁ ይነግራችኋል። ካልሆነ ቁም ሳጥን ላይ አስደግፉት። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ቦታ አይሁን፣ ቢጫው በአንድ ዓመት ይነጣል።

በዓሉ ሲያልፍ ጀርባውን ፍቱ፣ ዓመቱን ከኋላ በእርሳስ ጻፉ፣ አበባው እንዳይጫን አስተኝታችሁ ካርቶን ውስጥ አስቀምጡ። ባትሪውን አውጡ። ሲቆይ ይፈሳል፣ የኔን የመጀመሪያ ኮምፔንሳቶ የበላው እሱ ነው።