ደሴ ተቀምጦ ፊልም ለመጻፍና ፕሮዲዩስ ለማድረግ

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ተቀምጦ ለፊልምና ለቴሌቪዥን መጻፍ የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ ፕሮዲዩሰሩም ራሱ ነው። የሚጽፋት እያንዳንዷ መስመር ነገ ከኪሱ የምትወጣ ብር ናት፤ ስለዚህ ሁለቱን ሙያ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አብሮ መልመድ ይኖርበታል። ለመጀመሪያ ሥራ የ10 ደቂቃ አጭር ፊልም፣ ከ3 ያልበለጠ ሎኬሽን (የቀረጻ ቦታ)፣ ከ4 ያልበለጠ ተዋናይና የ3 ቀን ቀረጻ ይበቃል። በ90 ደቂቃ ፊልም የሚጀምር አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡ መሀል ላይ ያልቅበትና ግማሽ ፊልም ሃርድ ዲስክ ውስጥ ይዞ ይቀራል።

ታሪኩን መጀመሪያ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉት፦ ማን ምን ይፈልጋል፣ ምን ይከለክለዋል። እዚህ ላይ ያልጠራ ታሪክ 40 ገጽ ቢጻፍም አይጠራም። ቀጥሎ እያንዳንዱን ትዕይንት በቁራጭ ካርድ ላይ አስፍራችሁ ወለሉ ላይ ዘርጉት። ትዕይንቱ ሲያልቅ የተለወጠ ነገር ከሌለ ካርዱን አንሡት። በእንግሊዝኛ ስክሪፕት አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው ይባላል፤ የአማርኛ ገጽ ግን እንደ ፊደሉ ዓይነትና መጠን ስለሚለያይ በዚህ ልክ አትተማመኑ። ንግግሩን ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ እንቅስቃሴውን ራሳችሁ ተራመዱት፣ በስልክ ሰዓት ለኩት።

ጀማሪ ንግግር ላይ የሚሳሳተው ገጸ ባሕርያቱ ሁለቱም የሚያውቁትን ነገር እርስ በርስ ሲያስነግራቸው ነው። ልጅ እናቷን «አባባ ከሞተ እኮ ሦስት ወር ሆነው» አትላትም፤ እናትየው ታውቃለች። ቡና ይቅረብ። ልጅቷ ረከቦቱ ላይ እንደ ልማዷ ሦስት ሲኒ ትደርድር፤ እናት ምንም ሳትል አንዱን አንሥታ ወደ ጓዳ ትመልስ። ተመልካቹ ሞቱንም ሐዘኑንም አየ። ከዚያ በኋላ አቦሉ እስኪቀዳ ስለ ቤት ኪራይ ቢያወሩ እንኳ ትዕይንቱ ይከብዳል። የወሎን አነጋገር ስትጽፉም ለጌጥ ብላችሁ በየመስመሩ «ወላሂ» አትበትኑ። ማን ማንን «አንቱ» እንደሚል፣ ማን በማን ፊት ድምፁን ዝቅ እንደሚያደርግ ከተስተካከለ ቤተሰቡ በራሱ የዚህ አገር ሰው ይሆናል።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ስላለው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ እንዲህ ተጽፏል እንበል፦ «ውጪ — ሐረጎ — ማለዳ። ሚኒባስ በጉም ውስጥ ጠመዝማዛውን ይወርዳል፤ ሰላም በመስኮት ታለቅሳለች።» ይህች ሁለት መስመር ሚኒባስ ከነሹፌሩ ኪራይ፣ ነዳጅ፣ 11 ተሳፋሪ የሚሆን ሰው ከነምሳው፣ ትራፊክ ፖሊስና በቀጠሮ የማይመጣ ጉም ትጠይቃለች። በሁለት አጭር ትዕይንት ቀይሩት። ደሴ መናኸሪያ ላይ ሰላም በሹራቧ ላይ ጋቢ ደርባ ቆማለች፤ ረዳቱ «ኮምቦልቻ! አንድ ሰው!» እያለ ከጀርባዋ ይጮኻል። ቀጥሎ ኮምቦልቻ ወርዳ ጋቢውን ታወልቃለች፣ ሹራቡንም አውልቃ ክንዷ ላይ ታደርጋለች። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፤ በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለውን የአየር ልዩነት አካሏ ነገረን። መኪናም ጉምም አላስፈለገም።

ስክሪፕቱ ሲያልቅ ብሬክዳውን ይሠራል። ለእያንዳንዱ ትዕይንት ሎኬሽኑን፣ ቀን ወይም ማታ መሆኑን፣ ተዋናዩን፣ አልባሳቱን፣ ዕቃውንና ድምፁን በአንድ ሰንጠረዥ ጻፉ። ከዚያ በታሪኩ ቅደም ተከተል ሳይሆን በሎኬሽን ሰብስባችሁ ቅረጹ። አነስተኛ ቡድን በቀን ከ4 እስከ 5 ገጽ ቢጨርስ ጎበዝ ነው። የጥሪ ወረቀቱ (ማን መቼ የት እንደሚገኝ ለቡድኑ የሚነግረው) ላይ ሰዓት ስትጽፉ «ጠዋት» ወይም «ማታ» የሚለውን አትዝለሉ፤ አንዱ በአገራችን አቆጣጠር፣ ሌላው በስልኩ ሰዓት እያሰበ ስድስት ሰዓት የሚለያዩበት ጊዜ አለ።

ከምስል ይልቅ ፊልሙን የሚገድለው ድምፅ ነው። በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዝናብ ከጣለ ንግግር አይቀዳም፣ ኤዲተርም አያድነውም፤ ሐምሌና ነሐሴን ተዉት፣ ደሴ ላይ በበልግም እንደሚዘንብ አስቡ። ጋቢ ላይ የተሰካ ትንሽ ማይክ ሰውየው በተነፈሰ ቁጥር ይንኮሻኮሻል፤ ቡም (በረጅም ዘንግ ጫፍ የሚያዝ ማይክ) ከአፉ በአንድ ክንድ ርቀት ቢያዝ ይሻላል። ባጃጅ ከሚበዛበት መንገድ ራቁ፣ የአዛንና የቅዳሴ ሰዓት ጠይቃችሁ በእነዚያ ደቂቃዎች ንግግር የሌለውን ሾት ቅረጹ። ቦታውን ከመልቀቃችሁ በፊት ሁሉም ጸጥ ብሎ የክፍሉን ባዶ ድምፅ ለ30 ሰከንድ ቅዱ፤ ኤዲቲንግ ላይ ንግግር ስትቀጥሉ ስፌቱን የሚሸፍነው እሱ ነው። ደሴ ላይ ጦሳ ተራራ በምዕራብ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ተራራው ሥር ላሉ ሰፈሮች ቶሎ ትጠፋለች፤ የውጪውን ትዕይንት ጠዋት አስቀድሙ። ካሜራው በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሻተሩ (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ይሁን፤ መብራታችን 50 ኸርዝ ነውና ከእሱ ጋር በማይገጥም ልክ ከተቀረጸ አምፖሉ ምስሉ ላይ ሊንቀጠቀጥ ይችላል።

ከበጀቱ 10 በመቶ ለድንገተኛ ወጪ አስቀምጡና እስከ መጨረሻው ቀን አትንኩት። ምግብን እንደ ትንሽ ነገር የሚያይ ፕሮዲዩሰር ቡድኑን ያጣል። እዚህ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ ይሠራል፣ ሥጋው ግን ይለያል፤ ለሁሉም ሽሮ፣ ምስርና አትክልት ማቅረብ ማንንም አያሳቅቅም። በረመዳን ከባዱን ትዕይንት ከኢፍጣር በኋላ አድርጉት። ሎኬሽን የሰጠ ባለቤት በጽሑፍ ይፍቀድ፤ መንገድ ላይ ስትቀርጹ ለቀበሌውና ለፖሊስ አስቀድማችሁ አሳውቁ። ድሮን ያለ መንግሥት ፈቃድ አታስነሡ።

ውል ለመፈራረም አትፈሩ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው የተጻፈውን ነው። ስለዚህ ሐሳቡን ካፌ ውስጥ ከማውራት በፊት ጻፉት። በዚሁ አዋጅ ውል ሌላ ካላለ የፊልሙ ባለቤት ፕሮዲዩሰሩ ነው፤ ለሌላ ሰው ስትጽፉ ክፍያው በስንት ዙር እንደሚከፈል፣ ስማችሁ የት እንደሚገባ፣ ሁለተኛ ክፍል ከተሠራ ማን እንደሚጽፈው ከመጀመሪያው ገጽ በፊት ተፈራርማችሁ ጨርሱ። ሙዚቃም እንዲሁ ነው። አምባሰልና ባቲ ቅኝታቸው የሁሉም ነው፣ የተቀዳው ዘፈን ግን ባለቤት አለው። ማሲንቆ ተጫዋች ቀጥራችሁ አዲስ አስቀዱ፣ እሱንም አስፈርሙ።

ተከታታይ ድራማ ይዞ ቴሌቪዥን ጣቢያ ለሚሄድ፦ አንድ ገጽ ሲኖፕሲስ (የታሪኩ ማጠቃለያ)፣ የገጸ ባሕርያት መግለጫ፣ የ13 ክፍል ዝርዝር (በሳምንት አንድ ቢተላለፍ አንድ ሩብ ዓመት ይሞላል) እና ተጽፈው ያለቁ 3 ክፍሎች ያዙ። ጣቢያው ሥራውን ይገዛ፣ የማስታወቂያ ገቢ ይካፈል ወይስ እናንተ የአየር ሰዓት ትገዙ እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቁ፤ የአየር ሰዓት ከሆነ ስፖንሰሩ በጽሑፍ ሳይፈርም ቀረጻ አትጀምሩ። የመጀመሪያ ክፍል ላይ ገንዘብ አፍስሶ አራተኛው ላይ የሚቆም ድራማ ጣቢያውንም ተዋናዩንም ያስቀይማል፤ በጀቱን በ13 አካፍላችሁ ከአንዱ ድርሻ በላይ የሚጠይቅ ትዕይንት ካለ ወደ ስክሪፕቱ ተመለሱና እንደ ሐረጎው ቀይሩት።