የአሮጌ ሊቫይስ ሸሚዝ ዕድሜ እንዴት ይታወቃል?

በባሕር ዳር ገበያ ከሰልባጅ ክምር ውስጥ የሊቫይስ ጂንስ ሸሚዝ ካገኙ፣ ዕድሜውን ከጨርቁ መንጣት አይገምቱ፤ ፀሐይና በረኪና አዲሱንም ያስረጁታል። ይልቁንስ በደረት ኪሱ ጠርዝ የተሰፋችውን ትንሽ ቀይ ጨርቅ ይመልከቱ። ኩባንያው እስከ 1971 እ.ኤ.አ. ገደማ ስሙን በትልልቅ የላቲን ፊደላት ብቻ ይጽፍባት ስለነበር፣ ሁለተኛዋ ፊደል ትንሿ “e” ከሆነች ሸሚዙ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። ትልቋ ብትሆንም ወዲያው ዋጋ አይጨምሩ፤ ኩባንያው ራሱ የድሮውን ቅርጽ አስመስሎ ያመርታልና። ስለዚህ ሸሚዙን ገልብጠው የአስተጣጠብ መመሪያ እንደተሰፋበት ይፈትሹ፤ አሜሪካ ይህን በሕግ ያስገደደችው በ1972 እ.ኤ.አ. በመሆኑ፣ ትልቋ ፊደልና መመሪያው አብረው ከተገኙ ሸሚዙ በአብዛኛው የኋላ ቅጂ ነው። የመመሪያው አለመኖር ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ቆዳ ስለሚያሳክክ ብዙ ሰው ቆርጦ ይጥለዋል።