ደንበኛ አልከፍል ሲል፦ ፍሪላንሰሮች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሥራውን አስረክባችኋል። ደንበኛው «አሪፍ ነው፣ እናመሰግናለን» ብሏል። ከዚያ ዝም። መልእክታችሁን አይቶታል፣ መልስ ግን የለም። ብዙ ፍሪላንሰር (በግሉ ሥራ እየተቀበለ የሚሠራ ባለሙያ) እዚህ ሲደርስ ራሱን መጠራጠር ይጀምራል። ሥራው አልተወደደ ይሆን? ዋጋዬ በዝቶ ይሆን? እኔ እንደማየው ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የተበላሸው ገና ሥራው ሳይጀመር፣ ስለ ክፍያ ማውራት ያፈርን ዕለት ነው።

ያለ ቀብድ ሥራ መጀመር

ከሁሉም የሚከፋው ይኼ ነው። ቀብድ ስጠይቅ ደንበኛው ይሸሽብኛል ብሎ የሚፈራ ብዙ ነው። የሚሸሽም አለ፣ አልክድም። ግን ከሥራው በፊት ትንሽ ገንዘብ ማውጣት የከበደው ሰው፣ ሥራው እጁ ከገባ በኋላ ሙሉውን ለመክፈል ምን ያስቸኩለዋል? ግማሹን አስቀድሞ መጠየቅ በብዙ ሙያ የተለመደ ነው። ለአዲስ ደንበኛማ ግድ ነው ባይ ነኝ።

ሥራው ረጅም ከሆነ ክፍያውን ከፋፍሉት። ዌብሳይት የምትሠሩ ከሆነ ለምሳሌ ሲጀመር 40 በመቶ፣ ዲዛይኑ ሲጸድቅ 30፣ ቀሪው 30 ደግሞ ከርክክቡ በፊት። አንዱ ክፍያ ሲቀር ሥራ ታቆማላችሁ፤ የሁለት ወር ልፋት አብሮ አይሄድም።

እንደ አፕወርክ ባሉ፣ ፍሪላንሰርና ደንበኛን በሚያገናኙ የኢንተርኔት መድረኮች በቁርጥ ዋጋ ስትሠሩ ደንበኛው ገንዘቡን አስቀድሞ መድረኩ ዘንድ ያስቀምጣል። ሥራውን አስገብታችሁ እሱ 14 ቀን ዝም ካለ ገንዘቡ ይለቀቅላችኋል። ይህ የሚሠራው ግን ገንዘቡ መቀመጡን አይታችሁ ከጀመራችሁ ብቻ ነው። «ኮሚሽን እንዳይቆረጥብን ከዚህ ወጥተን እንሥራ» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ ያንን ከለላ በገዛ እጃችሁ ጣሉት ማለቱ ነው።

በቃል ተስማምቶ መሄድ

ውል ሲባል የግድ ጠበቃ የጻፈው ወፍራም ሰነድ አይደለም። ደንበኛው «ተስማምቻለሁ» ብሎ የመለሰበት አንድ ኢሜይልም ብዙ ይረዳል። ዋናው ውስጡ ያለው ነው። «ሥራው ሲያልቅ ይከፈላል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ተጠንቀቁ። አለቀ የሚለው ማን ነው? ደንበኛው «ትንሽ ይቀረዋል» ባለ ቁጥር የመክፈያ ቀኑ ይገፋል። ስለዚህ ስንት ጊዜ ማሻሻያ እንደምትሠሩ በቁጥር ጻፉ። «ካስረከብኩ በ7 ቀን ውስጥ አስተያየት ካልመጣ ሥራው እንደጸደቀ ይቆጠራል» የምትለዋን መስመርም አትርሱ። እኔ ከውሉ ሁሉ አንዲት መስመር ብቻ ምረጥ ብባል እሷን እመርጣለሁ።

ኒውዮርክ ከተማ በ2017 ሥራ ላይ ባዋለችው የፍሪላንሰሮች ሕግ፣ 800 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ሥራ በጽሑፍ ውል መደገፍ አለበት። የመክፈያ ቀን ካልተጻፈ ደግሞ ሥራው ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት አገር የምትሠሩ ከሆነ፣ ቀኑንም የመዘግየት ቅጣቱንም ራሳችሁ ውሉ ላይ ማስፈር ይኖርባችኋል።

የመጨረሻውን ፋይል ቀድሞ መስጠት

ለማሳያ፣ ምልክታችሁ ላዩ ላይ ያለበትን ወይም ጥራቱ የቀነሰውን ቅጂ ላኩ። ዌብሳይት ከሆነ በራሳችሁ ሰርቨር ላይ አሳዩ። የባለቤትነት መብቱ ሙሉ ክፍያ ሲፈጸም እንደሚተላለፍም ውሉ ላይ ይኑር።

ገንዘብን እንደ ልመና መጠየቅ

ይሉኝታ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይጎዳል። «ሰላም ነው? ስለማስቸግር ይቅርታ፣ ሲመቻችሁ ያቺን ነገር ብታስቡልኝ» የሚል መልእክት ስትልኩ፣ ተቀባዩ ባይቸኩል ምን ይገርማል? ስንት እንደሆነ የለም፣ የምን እንደሆነ የለም፣ ቀን የለም። ይልቅ ኢንቮይሱን፣ ማለትም የክፍያ መጠየቂያውን፣ ጠቅሳችሁ እንዲህ በሉ፦ «የኢንቮይስ ቁጥር 14 መክፈያ ቀን ያለፈው ሰኞ ነበር፤ እስካሁን አልደረሰኝም። ኢንቮይሱን በድጋሚ አያይዣለሁ። መቼ እንደሚከፈል እስከ ሐሙስ ቢያሳውቁኝ።» ቁጣ የለበትም፣ ልምምጥም የለበትም።

ደግሞ ትክክለኛውን ሰው መጠየቃችሁን አረጋግጡ። ድርጅት ውስጥ ሥራውን ያዘዛችሁና ገንዘቡን የሚለቀው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አይደሉም። ኢንቮይሱ የግዢ ትዕዛዝ ቁጥር ስለጎደለው ብቻ ሳምንታት ፋይናንስ ክፍል ተቀምጦ ሊቆይ ይችላል። ሰውየው ሌባ ነው ከማለታችሁ በፊት አንድ ስልክ ደውላችሁ «የጎደለ ነገር አለ ወይ?» በሉ። በስልክ ያወራችሁትን ወዲያው በኢሜይል አስፍሩት።

ያለፈው ሳይከፈል አዲስ ሥራ መቀበል

«ይቺን ጨርሱልኝና አንድ ላይ እከፍላለሁ» ሲባል ዕዳው ሁለት ሆነ ማለት ነው። ሥራው የቆመው ክፍያ ስላልተፈጸመ እንደሆነና ሲከፈል እንደሚቀጥል በጨዋ ቋንቋ ጻፉ።

በንዴት አደባባይ መውጣት

የደንበኛን ስም ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ለጊዜው ልብን ያረካ ይሆናል። ግን የስም ማጥፋት ክስ ሊያመጣ ይችላል፣ ለመክፈል ያመነታ የነበረውንም እልህ ውስጥ ያስገባዋል። የሠራችሁለትን ዌብሳይት ማጥፋት ደግሞ የባሰ ነው፤ ተበዳዩን በዳይ ያደርጋል።

የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሳይጽፉ መተው ወይም መክሰስ

የዕዳውን መጠን፣ የተስማማችሁበትን ቀንና የመጨረሻ ቀነ ገደብ የያዘ ደብዳቤ አዘጋጁ። ቀኑ ካለፈ ምን እንደምታደርጉም ግለጹ፤ የማታደርጉትን ግን አትዛቱ። ሕጉ ወለድ የሚፈቅድላችሁ ከሆነ አስሉና ጨምሩበት። በእንግሊዝ ለምሳሌ፣ ውሉ ሌላ ካላለ፣ ዘግይቶ በሚከፈል የንግድ ዕዳ ላይ ከማዕከላዊ ባንኩ መነሻ ወለድ በላይ 8 በመቶ መጠየቅ ይቻላል። በብዙ አገሮች አነስተኛ ዕዳዎችን በቀላል ሥርዓት የሚያዩ ፍርድ ቤቶችም አሉ።

ወጪው ከዕዳው ከበለጠ በድርድር ከፊሉን መቀበል ነውር አይደለም። እንዲያ ከሆነ ቀሪውን የምትተዉት የተስማማችሁበት ገንዘብ ባንክ ሲገባ ብቻ መሆኑን ስምምነቱ ላይ ጻፉ። «ደንበኛው ዕዳ የለበትም» የሚል ወረቀት ገንዘቡ ሳይገባ አትፈርሙ።