ታናሽ እህቴን ካስተኛኋት በኋላ፦ የድሮ የአሜሪካ ፊልም ለጀማሪ እንዴት ይታያል?

እህቴን የድሮ የአሜሪካ ፊልም አስለምዳታለሁ ብዬ የተነሳሁት በትልቅ ስህተት ነው። እኔ ስለምወደው ብቻ በ1939 የተሠራውን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ከፈትኩላት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ፊልሙ አራት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። የአትላንታ ከተማ የምትቃጠልበት ትዕይንት ገና ሳይደርስ እህቴ ሶፋው ላይ ተኝታ ነበር።

ስለዚህ በአጭር ጀምሩ። ለእኔ ከ1952ቱ «ሃይ ኑን» የተሻለ መግቢያ የለም፤ 85 ደቂቃ ብቻ ነው። ጋሪ ኩፐር የአንዲት ትንሽ ከተማ ሕግ አስከባሪ ነው። በሠርጉ ቀን፣ ሥራውን ሊለቅ ሲል፣ እስር ቤት ያስገባው ነፍሰ ገዳይ በቀትር ባቡር ሊበቀለው እየመጣ መሆኑን ይሰማል። የከተማውን ሰው ደጅ እየጠና እርዳታ ይለምናል፤ ሁሉም ሰበብ አለው። በፊልሙ ውስጥ የሚያልፈው ጊዜ እናንተ ከተቀመጣችሁበት ጊዜ ጋር እኩል ለእኩል ይሄዳል ማለት ይቻላል፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ሰዓቶች ተከታተሉ። ሰዓቱ የፈረንጅ መሆኑን ግን አስቀድማችሁ ንገሩ። እህቴ 12 ሲባል ባቡሩ ማታ የሚመጣ መስሏት «ገና ብዙ ጊዜ አለው እኮ» ብላ ተዝናንታ ነበር!

የኩፐርን ፊት ግን አትለፉት። ሃምሳ ዓመት ገደማ ነው፤ የደከመ፣ የተሸበሸበ ፊት ነው። ብቻውን ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ ኑዛዜውን ሲጽፍ ፍርሃቱን አይደብቅም። የምወደው በዚህ ነው።

ፊልሙን ከመክፈታችሁ በፊት ቴሌቪዥኑን አስተካክሉ። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ የነበሩት የአሜሪካ ፊልሞች ምስል ወርዱና ቁመቱ የተቀራረበ ስለሆነ በግራና በቀኝ ጥቁር ቦታ መቅረቱ ደንብ ነው። ቴሌቪዥኑ ማያውን ልሙላ ብሎ ከለጠጠው የተዋናይቷን የኢንግሪድ በርግማንን የሚያክል ውበት ድፎ ዳቦ ያስመስለዋል። በጥቁርና ነጭ ተሠርተው በኋላ ቀለም የተቀቡትን ቅጂዎች እለፏቸው። እንግሊዝኛ ብታውቁም የግርጌውን ጽሑፍ ክፈቱ፤ የዚያ ዘመን ተዋንያን አንዱ ከሌላው አፍ እየነጠቀ ነው የሚናገረው።

ሁለተኛው ምሽት የማርሎን ብራንዶ ይሁን፤ የ1954ቱ «ኦን ዘ ዋተርፍሮንት»። ብራንዶ በሆቦከን ወደብ የሚሠራ የቀድሞ ቦክሰኛ ነው። ሳያውቅ ለሞት ያመቻቸው ልጅ እህት ከሆነችው፣ ከኢቫ ማሪ ሴንት ጋር በመናፈሻ ሲሄዱ የእጅ ጓንቷ ይወድቃል። ያነሳዋል። ግን አይመልስላትም። አቧራውን እያራገፈ ዥዋዥዌ ላይ ይቀመጥና ያንን ትንሽ ነጭ ጓንት ቡጢ በለመደ እጁ ላይ ያጠልቀዋል። ልጅቷ መሄድ ትፈልጋለች፤ ጓንቷ ግን እሱ ዘንድ ነው። ትዕይንቱን አንድ ጊዜ እንዳለ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። እህቴ ሦስት ጊዜ አስመለሰችኝ፤ ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰዳትም።

ከዚያ በኋላ «ምርጥ መቶ ፊልሞች» የሚል ዝርዝር አትከተሉ፤ አንድ ፊት ምረጡና እሱን ተከተሉ። እህቴ የመረጠችው ኦድሪ ሄፕበርንን ነው። ሄፕበርን ከካሪ ግራንት ጋር የሠራችው የ1963ቱ «ሻሬድ» ለኪስም ይመቻል፤ አዘጋጆቹ በሕግ የሚጠየቀውን የቅጂ መብት ምልክት በአግባቡ ሳያኖሩበት ስለቀሩ አሜሪካ ውስጥ ገና ከመውጣቱ የሕዝብ ሀብት ሆኗል፤ በነጻ ይገኛል። ማንም ስለሚያባዛው ግን የተበላሸ ቅጂ ብዙ ነው። የፓሪስ ጎዳና ከደበዘዘባችሁ ወይም የሄፕበርን ካፖርት ቀለሙ ከገረጣ፣ አትታገሱ፤ ዘግታችሁ ሌላ ፈልጉ።