የንግድ ሕንፃ ጣሪያ ፍተሻ፦ ከኮርኒሱ እድፍ ተነስቶ ወደ ላይ

በአዲስ አበባ የብዙ ንግድ ሕንፃዎች ጣሪያ የሚታወሰው ሐምሌ ላይ ነው። የላይኛው ፎቅ ተከራይ ኮርኒሱ እያንጠባጠበ መሆኑን ይናገራል፤ ሬንጅ የሚቀባ ሰው ተፈልጎ ይመጣል፤ እርጥብ ሶሌታ (የኮንክሪት ጣሪያ) ላይ ይቀባል፤ በቀጣዩ ክረምት ያው ውሃ በሌላ በኩል ይወርዳል። ይህ ጥገና እንጂ ፍተሻ አይደለም። ፍተሻ ማለት ውሃው ከየት ገብቶ፣ በምን በኩል ተጉዞ፣ የት እንደወጣ ለይቶ በጽሑፍና በሥዕል ማስቀመጥ ነው። ስለዚህ የሚፈትሸው ባለሙያ ጥገናውን ከሚሠራው ተቋራጭ የተለየ ቢሆን ይመረጣል፤ ሜምብሬን፣ ማለትም ውሃ የማያሳልፍ የጣሪያ ንጣፍ፣ የሚሸጥ ሰው ጣሪያው ሙሉ በሙሉ መነሳት እንዳለበት ቢናገር የሚያስገርም አይሆንም።

ዋናው ፍተሻ በጥቅምት ቢደረግ ይሻላል። ክረምቱ የተወው ምልክት ሁሉ ገና አልጠፋም፤ ደለሉ ውሃ የት ተኝቶ እንደነበረ ያሳያል፤ ከፊትም ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ደረቅ ጊዜ ስላለ በእሳት የሚለጠፍ ሜምብሬን ደረቅ ወለል ላይ ሊነጠፍ ይችላል። በግንቦት የሚደረገው ሁለተኛ ዙር አጭር ነው፤ የፍሳሽ መውረጃዎች ክፍት መሆናቸውንና የጥቅምቱ ጥገና መጠናቀቁን ያረጋግጣል። ከባድ በረዶ ከዘነበ በኋላ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠበቅ መውጣት ያስፈልጋል።

ሥራው የሚጀምረው ከጣሪያው ላይ ሳይሆን ከሥሩ ነው። መርማሪው አስቀድሞ የጽዳት ሠራተኞችንና ጥበቃዎችን ያነጋግር፤ በክረምት ባልዲ የሚደቀነው የት እንደሆነ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። መጠየቅ ያለበት እድፉ የት እንዳለ ብቻ አይደለም፤ መቼ እንደሚሰፋም ጭምር ነው። በታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ወቅት፣ የሚሰፋ እድፍ ከዝናብ የመጣ አይደለም፤ የውሃ ታንከር ሞልቶ ሲፈስ፣ የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ ሲያፈስ ወይም የአየር ማቀዝቀዣ ፍሳሽ ሲዘጋ የሚፈጠር ነው። ዝናብ በጀመረ በደቂቃዎች ውስጥ የሚያንጠባጥብ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ መግቢያው ቅርብ ነው፤ ዝናቡ ካባራ ከሰዓታት በኋላ ጀምሮ ለቀናት የሚያንጠባጥብ ግን በሜምብሬኑና በሶሌታው መካከል ብዙ ውሃ መጠራቀሙን ይጠቁማል። ከዚያ የኮርኒሱን ጥቂት ክፍል አስነስቶ የሶሌታውን ሆድ በባትሪ ማየት ይገባል። ነጭ ጨው መሰል ብናኝ ውሃው በኮንክሪቱ ውስጥ ደጋግሞ ማለፉን ያሳያል። ቡናማ የዝገት መስመር ካለ ደግሞ በኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ብረት (ፌሮው) መበላት ጀምሯል ማለት ነውና ኮንክሪቱ በመዶሻ ቀስ ተደርጎ ይመታ፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ጉዳዩ ከውሃ መከላከል አልፎ የስትራክቸር መሐንዲስ የሚያየው ይሆናል። እያንዳንዱ እድፍ ከሁለት ግድግዳ ያለው ርቀት ተለክቶ በፕላን ላይ ይሰፍራል፤ ላይ ሲወጡ ያ ነጥብ የት እንደሚያርፍ የሚታወቀው በዚህ ብቻ ነው።

ወደ ጣሪያው ከመውጣት በፊት ስለ ደኅንነት ጥቂት ነገር ማለት ግድ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ስለሚጥል የመከላከያ ቀበቶና ተገቢ ጫማ በመርማሪው በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ቀበቶው የሚታሰረው ከሕንፃው አካል ጋር በጽኑ በተያያዘ ነገር ላይ ነው፤ የአየር ማስወጫ ቱቦም ሆነ የላላ የእጅ መደገፊያ ለዚህ አይሆንም። ለብቻ መውጣት፣ ወለሉ እርጥብ ሳለ መውጣት፣ በክረምት ከሰዓት በኋላ መብረቅ ሊኖር በሚችልበት ሰዓት መውጣት የተከለከለ ይሁን። በጣሪያው ላይ የቴሌኮም አንቴና ካለ ባለቤቱ ድርጅት አስቀድሞ ይነገረው፤ ከአንቴናው ፊት ለፊት በቅርብ መቆምም አይገባም።

በጠፍጣፋ የኮንክሪት ጣሪያ ላይ የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ፍሳሽ መውረጃዎቹ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። ስለዚህ 500 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዘንቦ መውረጃው በፌስታልና በቅጠል ቢደፈን 15 ቶን ውሃ እዚያው ይቀራል፤ 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ ደግሞ በየካሬ ሜትሩ 50 ኪሎ ግራም ይጭናል። መርማሪው መክደኛውን አንስቶ የመውረጃውን ጉሮሮ ይመልከት። ሜምብሬኑ ወደ ቱቦው ውስጥ ገብቶ መታጠፍ አለበት፤ ጠርዙ ላይ ተቆርጦ ከቀረ ውሃው በቱቦውና በሶሌታው መካከል ሰርጎ ይገባል። ከታች ያለው ፎቅ ላይ በዓምድ ጥግ የሚታየው እርጥበትም ብዙ ጊዜ መነሻው ይህ ነው። ከዚያ አንድ ባልዲ ውሃ አፍስሶ በታችኛው መውጫ በኩል በምን ያህል ፍጥነት እንደሚወጣ ሌላ ሰው ይጠብቅ። ከግንባታ ጊዜ የቀረ ሲሚንቶ ቱቦው ውስጥ ደርቆ ግማሹን ዘግቶት ሊገኝ ይችላል። እንደ መታጠቢያ ቤት ያለ ጠፍጣፋ መክደኛ በአንድ ቅጠል ስለሚሸፈን ወደ ላይ ጎበጥ ባለ ወንፊት እንዲቀየር ይመከር። መውረጃው ቢደፈን ውሃው ወደ ውጭ የሚወጣበት ተጨማሪ ቀዳዳ በፓራፔቱ (በጣሪያው ዳር በቆመው አጭር ግድግዳ) ላይ ከሌለ ይህም በሪፖርቱ ይግባ፤ በረዶ ተከምሮ መውረጃውን ሲዘጋ ሕንፃውን የሚያድነው ያ ቀዳዳ ነው።

ቀጥሎ ተዳፋቱ ይታያል። 2 በመቶ ተዳፋት ማለት በ10 ሜትር ርቀት 20 ሳንቲ ሜትር መውረድ ነው፤ ይህን በውሃ ልክና በረጅም ቀጥ ያለ ጣውላ መለካት ይቻላል። ዝናብ ካቆመ ከ48 ሰዓት በኋላ ያልደረቀ ኩሬ በጠመኔ ይከበብና ፎቶ ይነሳ። አንድ የንድፍ ስህተት ደጋግሞ ይታያል፦ ቱቦውን ለማሳለፍ ስለሚመች መውረጃው ዓምድ አጠገብ ይደረጋል፤ ሶሌታ ግን ከጊዜ ጋር የሚረግበው በዓምዶች መካከል ስለሆነ ውሃው ከመውረጃው ሸሽቶ መሐል ላይ ይተኛል። ይህ በሬንጅ አይስተካከልም፤ ተዳፋቱ እንደገና መሠራት አለበት፣ እሱም ተጨማሪ ክብደት ነውና ያለ ስሌት አይጨመርም።

የሜምብሬኑ ምርመራ ትዕግሥት ይጠይቃል። መገጣጠሚያዎቹን በጫፉ ደንዘዝ ባለ ካቻቪቴ እየተከተሉ መሄድ ነው፤ ጫፉ ሳይገፋ ከገባ እዚያ ቦታ ላይ ንጣፎቹ አልተጣበቁም። በደንብ የተለጠፈ መገጣጠሚያ በጠርዙ ላይ ከግማሽ እስከ 1 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቀልጦ የወጣ ሬንጅ ያሳያል። እብጠቶች ከሥር እርጥበት ታፍኖ እንደቀረ ይጠቁማሉ፤ ቀትር ላይ በፀሐይ ያበጠው ጠዋት ተመልሶ ስለሚተኛ በሁለቱም ሰዓት ማየት ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ከፍታ የፀሐይ ጨረሩ ብርቱ በመሆኑ መከላከያ ሽፋኑ የተራገፈ ሜምብሬን ቶሎ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃልም። የተሰነጠቀው ላይ ላዩን ይሁን ወይስ እስከ ውስጥ የዘለቀ መሆኑን መለየት የጥገናውን ዋጋ ይወስናል።

ይሁንና በጣሪያው ሜዳ፣ ከጠርዝ ርቆ ያለው ሜምብሬን ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው። ውሃው የሚገባው ጣሪያው ከሌላ ነገር ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው፦ በፓራፔቱ ሥር፣ በደረጃ ቤቱ በር ደፍ፣ በቱቦዎች ዙሪያ። ሜምብሬኑ ግድግዳው ላይ ከተጠናቀቀው ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር መውጣትና ጫፉ በላሜራ ተጠብቆ መታሸግ ይኖርበታል። ልስኑ ከተሰነጠቀ ግን ውሃው ከሜምብሬኑ ጀርባ ስለሚወርድ ሜምብሬኑ ምንም ጉድለት ሳይኖርበት ቤቱ ያፈሳል። የፓራፔቱ አናት ወደ ውስጥ ማዘንበሉም ይረጋገጥ።

ከሁሉም የከፋው ግን ሰው ጣሪያው ላይ ያደረገው ነው። ዲሽ የተከለ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ ያቆመ፣ የአየር ማቀዝቀዣ የሰቀለ ሁሉ በድሪል ሜምብሬኑን በስቶ ይሄዳል። መርማሪው እያንዳንዱን የብረት እግር ጎንበስ ብሎ በዓይኑ ይይ፤ ቦልቱ ሥር የተቀባው ሲሊኮን በጣት ሲነካ የሚላቀቅ ከሆነ ዋጋ የለውም። የታንከር መቀመጫዎችም ሜምብሬኑን ሰርጉደውት እንደሆነ ይታያል፤ 5,000 ሊትር የሚይዝ ታንከር ሲሞላ ብቻውን 5 ቶን ውሃ ነውና ቦታው በንድፉ የታሰበ መሆኑ ይጣራ።

የኢጂኤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሲሆን ሥራው ያጥራል። የሚረገጠው ብሎኖቹ የተሰለፉበት፣ ከሥሩ ተሸካሚ ብረት ያለበት መስመር ብቻ ነው፤ ብርሃን የሚያስገባው ፋይበር በፍጹም አይረገጥም። የብሎኖቹ ጎማ መድረቁ፣ ቆርቆሮው በፍሌክስ (በኤሌክትሪክ ብረት መቁረጫ) በተቆረጠበት ጠርዝ መዛጉ ይታያል። ዋናው ችግር ግን ከፓራፔት ጀርባ የተደበቀው አሸንዳ ነው፤ ሲሞላ ውሃው የሚፈሰው ወደ መንገድ ሳይሆን ወደ ኮርኒሱ ስለሆነ መገጣጠሚያዎቹ አንድ በአንድ መታየት አለባቸው።

በዓይን ምንጩ ካልተለየ መውረጃው ተደፍኖ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ውሃ ለ24 ሰዓት ያህል ማስተኛት ይቻላል፤ ሶሌታው ክብደቱን እንደሚችል መሐንዲስ ካረጋገጠ በኋላ ግን ነው። ግድግዳ ሲጠረጠር በጎማ ከታች ወደ ላይ ደረጃ በደረጃ ውሃ ይረጫል፤ ከላይ ከተጀመረ የትኛው ቦታ እንዳስገባ መለየት አይቻልም። የሙቀት ካሜራና የእርጥበት መለኪያ ጥርጣሬን ያጠብባሉ፤ ያለ ቁፋሮ የመጨረሻ ማስረጃ አድርጎ መውሰድ ግን አይገባም።

ሪፖርቱ የጣሪያውን ፕላን፣ በቁጥር የተለዩ ፎቶዎችንና የእያንዳንዱን ጉድለት አጣዳፊነት ይይዛል፦ ወዲያውኑ የሚሠራ፣ ከሰኔ በፊት የሚሠራ፣ በቀጣዩ ጥቅምት ዳግም የሚታይ። ፎቶው ላይ ሜትር ተዘርግቶ ይነሳ፤ ስንጥቁ በዓመቱ መስፋቱን ማወቅ የሚቻለው ያኔ ነው። የሜምብሬኑ ዋስትና ጊዜ ካላለፈ ባለቤቱ ሜምብሬኑን ላነጠፈው ተቋራጭ ሪፖርቱን በደብዳቤ አያይዞ ይላክ፤ መልስ እስኪመጣ ሌላ ሰው እንዳይነካው ያድርግ፤ ሌላ እጅ የገባበት ሥራ ዋስትናውን ሊያሳጣ ይችላል። ከተከራዮች ጋር በሚፈረመው ውልም ያለ ሕንፃ አስተዳደሩ የጽሑፍ ፈቃድ ጣሪያው ላይ ምንም ነገር መትከል እንደማይቻል አንድ አንቀጽ ይካተት፤ የጣሪያው ቁልፍም ጥበቃው ዘንድ ይሁንና የሚወጣው ሰው ስም፣ ቀንና ምክንያት በመዝገብ ይፈረም።