የኔትወርክ መከታተያ ሴንሰር ማንቂያ ሲልክ ምን ማድረግ ይገባል?

ማንቂያ ሲደርስ የመጀመሪያው ሥራ መሣሪያውን መነካካት ሳይሆን መልእክቱን አስተውሎ ማንበብ ነው። የትኛው ሴንሰር፣ በየትኛው ራክ (የመሣሪያዎች መደርደሪያ) ወይም ፖርት (የኬብል መሰኪያ) ላይ፣ በስንት ሰዓት፣ የትኛውን ገደብ አልፎ ምን ያህል እንዳነበበ ለይተው ይመዝግቡ። ማንቂያው የሚናገረው አንድ ቁጥር ከተቀመጠለት ገደብ ማለፉን ብቻ ስለሆነ፣ ቁጥሩን ከፍ ወይም ዝቅ ያደረገውን ምክንያት ፈልጎ ማግኘት የባለሙያው ድርሻ ነው።

ቀጥሎ ንባቡን በሌላ ምስክር ያረጋግጡ፤ ብዙ ጥፋት የሚደርሰው ይህ ሲዘለል ነውና። የሙቀት ሴንሰርን እንውሰድ። ለሰርቨሮች በተለምዶ የሚመከረው፣ አየር በሚገባበት በፊት ለፊታቸው በኩል ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ በጀርባቸው የሚወጣው አየር ግን ከዚህ በጣም ቢሞቅም ጤናማ ሊሆን ይችላል። አንድ ሌሊት 38 ዲግሪ የሚል ማንቂያ ደርሶኝ ሰርቨሮቹን ከርቀት ላጠፋ ጥቂት ሲቀረኝ፣ ቀድሜ ክፍሉን ልየው ብዬ ሄድኩ። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነበር። ሴንሰሩን ከራኩ ፊት የያዘው ማጣበቂያ ለቅቆ፣ ሽቦው ወደ ኋላ ተንሸራትቶ፣ የሰርቨሩ ትኩስ አየር በቀጥታ ይነፍስበት ነበር። ከዚያ ወዲህ የጎረቤቱን ሴንሰር፣ የስዊቹን (መሣሪያዎችን በኔትወርክ እርስ በርስ የሚያገናኘውን ሳጥን) የውስጥ ሙቀትና የፋኖቹን ፍጥነት ሳላነጻጽር አልወስንም፤ ሁሉም አብረው ከጨመሩ ሙቀቱ እውነተኛ ነው፣ አንዱ ብቻ ከዘለለ ግን ሴንሰሩ ያለበትን ቦታ በአካል ሄዶ ማየት ያስፈልጋል።

ጭስና የውሃ ፍሳሽ ከዚህ ደንብ ውጭ ናቸው፤ ሁለተኛ ምስክር አይጠበቅባቸውም። በተለይ ኃይል ባልተቋረጠበት ክፍል እርጥብ ወለል ላይ መቆም ለሕይወት ስለሚያሰጋ፣ ማንም ሰው ከመግባቱ በፊት ኤሌክትሪኩ ከውጭ መቋረጥ አለበት።

ማንቂያዎች በአንድ ጊዜ ሲጎርፉ ደግሞ በደረሱበት ሳይሆን በተፈጠሩበት ሰዓት ይደርድሯቸው። አንድ ዋና ስዊች ሲወድቅ ከኋላው ያሉት መሣሪያዎች ሁሉ የጠፉ ስለሚመስሉ፣ የብዙዎቹ ጩኸት መነሻ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት መስመሮች ውስጥ ይገኛል። ይህ የሚሠራው ግን የመሣሪያዎቹ ሰዓት በኤንቲፒ (የመሣሪያዎችን ሰዓት በኔትወርክ በኩል በሚያመሳስለው ስልት) ከተስተካከለ ብቻ ነው። ፍተሻው ከኃይል ይጀምር፤ ከዚያ ማቀዝቀዣ፣ በመጨረሻ መስመር።

በፋይበር መስመር ላይ የሚደርሰው የብርሃን መጠን ሲቀንስ፣ 3 ዲሲቤል መውረድ ብርሃኑ በግማሽ መቀነሱን እንደሚያመለክት ያስታውሱ። ቅነሳው በድንገት ከመጣ የታጠፈ ወይም የላላ ኬብል ይፈልጉ፤ በሳምንታት ቀስ እያለ ከሆነ የቆሸሸ ጫፍ ወይም እያረጀ ያለ ሞጁል (ብርሃኑን የሚልክና የሚቀበል ክፍል) ይጠርጥሩ። ጫፉን ለፋይበር በተሠራ ማጽጃ ያጽዱ እንጂ በልብስ አይጥረጉ፤ ብርሃኑ ባይታይም ዓይን ሊጎዳ ስለሚችል ወደ ጫፉ በፍጹም አይመልከቱ።

ያለ ማንቂያ ያለፈ ሌሊት ሁሉ ደህና ነበር ማለት አይደለም። የኤስኤንኤምፒ ትራፕ (መሣሪያው ራሱ ወደ መከታተያው ሰርቨር የሚልከው የማንቂያ መልእክት) በአብዛኛው በዩዲፒ፣ ማለትም መድረሱን በማያረጋግጥ የመላኪያ ስልት፣ ወደ ፖርት 162 (እዚህ መሰኪያ ሳይሆን የአገልግሎት መለያ ቁጥር) የሚላክና የመድረሻ ማረጋገጫ የሌለው በመሆኑ፣ መስመሩ በተጨናነቀበት ሰዓት፣ ማለትም በጣም በሚፈለግበት ጊዜ፣ መንገድ ላይ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ የመከታተያው ሰርቨር በየተወሰነ ደቂቃው ራሱ እየጠየቀ ንባብ መውሰድ አለበት።

በገደቡ ዙሪያ እየወጣ እየወረደ ደጋግሞ የሚጮኽ ማንቂያ ሠራተኛውን ያሰለቻል፤ የተሰላቸ ሰው ደግሞ እውነተኛውንም ያልፈዋል። ማንቂያው በ27 ዲግሪ የሚነሳ ከሆነ የሚጠፋው ወደ 25 ሲወርድ እንዲሆን ያድርጉ። ለጊዜው ዝም ማሰኘት ግድ ከሆነ ምክንያቱ፣ የወሰነው ሰውና መልሶ የሚከፈትበት ሰዓት ይጻፍ፤ ማብቂያ የሌለው ዝምታ ሴንሰሩን ከመንቀል አይለይም።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ሴንሰሩን ሆን ብለው ያስጩኹት፤ የሙቀቱን በመዳፍ ይዘው ያሙቁት፣ የውሃውን በእርጥብ ጨርቅ ይንኩት፣ ከዚያም መልእክቱ በተረኛው ስልክ ላይ እስኪታይ ድረስ ጉዳዩን አይዝጉት።