የሲንጋፖር ሆከር ምግብ፦ ከመደቡ እስከ ቅዳሜ ምሳ

ሲንጋፖርን ለሥራም ሆነ ለጉብኝት የረገጠ ሰው ጥሩ ምሳ ለመብላት የሆቴል ምግብ ቤት መፈለግ አይጠበቅበትም። የአገሩ ሰው ራሱ ጠዋትም ማታም የሚመገበው «የሆከር ማዕከል» በሚባሉት፣ ግድግዳቸው ክፍት በሆነ ሰፋፊ አዳራሾች ነው። ሆከሮች ቀድሞ በጋሪና በትከሻ ሸክም በየመንገዱ ምግብ የሚሸጡ ሰዎች ነበሩ፤ መንግሥት ከ1971 እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ውኃና የፍሳሽ መስመር የገባላቸውን ማዕከላት እየሠራ ጣሪያ ሥር አሰባሰባቸው። ዛሬ ከ110 የሚበልጡ ማዕከላት ያሉ ሲሆን፣ ዩኔስኮም በ2020 እ.ኤ.አ. ይህን ባህል በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስፍሮታል።

ወደ አዳራሹ የገባ እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው ግርግር ነው፤ በአንዳንዱ ማዕከል ከመቶ በላይ መደቦች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ግራ መጋባቱ የሚቀንሰው አንድ ነገር ሲታወቅ ነው፦ እያንዳንዱ መደብ የሚሠራው በአብዛኛው አንድ ምግብ፣ ቢበዛ የዚያኑ ምግብ ሁለትና ሦስት ዓይነት ነው። ዶሮና ሩዝ የሚሸጠው ሰው ኑድል አይጠብስም፤ ኑድል የሚጠብሰውም ሾርባ አይነካም፤ አንዱን ምግብ ብቻ ሲሠራ ሠላሳና አርባ ዓመት የቆየ ባለ መደብ ማግኘት ብርቅ አይደለም። ስለዚህ አንድ ቦታ ቆሞ ሁሉንም ከማዘዝ ይልቅ ሦስት ወይም አራት ሆኖ መሄድ፣ እያንዳንዱም በተለያየ መደብ ተሰልፎ አንዳንድ ሳህን ይዞ መመለስና ተካፍሎ መብላት ይሻላል። ብቻውን የሄደ ሰው ግን በአንድ ቀን አንድ ሳህን ብቻ ቢበላ አይጎዳም።

ሰዓት መምረጥ ከምግብ መምረጥ አያንስም። በሥራ ቀን ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ሰባት ተኩል አካባቢው ካሉ ቢሮዎች የሚወጣው ሠራተኛ አዳራሹን ስለሚሞላው፣ አምስት ሰዓት ላይ መድረስ ይመረጣል። አርፍዶ መሄድም ይቻላል፤ ነገር ግን ስመ ጥር መደቦች ያዘጋጁት ሲያልቅ ይዘጋሉ፣ ብዙዎቹም በሳምንት አንድ ቀን ያርፋሉ። ወረፋውን ሲያዩ ርዝመቱን ብቻ አይመልከቱ፤ በእኔ ግምት ስልካቸውን አንሥተው ፎቶ የሚያነሡ ጎብኚዎች ከሞሉት ረጅም ሰልፍ ይልቅ የሠፈር አዛውንትና የደንብ ልብስ የለበሱ ሠራተኞች የቆሙበት አጭር ሰልፍ የበለጠ ይታመናል።

ከመሰለፍ በፊት መቀመጫ ይያዛል። የአገሩ ልማድ ትንሽ የሶፍት እሽግ ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ይህንን «ቾፕ» ይሉታል። ሶፍት ያለበትን ወንበር ባዶ ነው ብሎ መቀመጥ ነውር ስለሆነ፣ እሽጉን ሳይነኩ ሌላ ቦታ ይፈልጉ። ሻጩን «አንክል»፣ ሻጯን «አንቲ» ብሎ መጥራት የተለመደ ነው፤ የማያውቀውን ሰው ጋሼ፣ እትዬ እያለ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። አንድ ሳህን በአብዛኛው ከ4 እስከ 7 የሲንጋፖር ዶላር ያወጣል፤ የውጭ አገር የባንክ ካርድ የማይቀበሉ መደቦች ስላሉ ዝርዝር ገንዘብ መያዝ ያስፈልጋል። በልተው ሲጨርሱ ትሪውንና ሳህኑን ወደ መመለሻው መደርደሪያ ራስዎ ይወስዳሉ። ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህ ግዴታ ሆኗል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወ ሰው ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፣ ሁለተኛ ሲደግም 300 ዶላር ይቀጣል። የሐላል ዕቃ መመለሻው የተለየ ስለሆነ ምልክቱን ማየት አይርሱ።

ለእኛ አገር ሰው፣ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም፣ ትልቁ ጥንቃቄ የአሳማ ሥጋ ነው። «ቻር ክዌይ ቲያው» የሚባለው የተጠበሰ ጠፍጣፋ የሩዝ ኑድል በተለምዶ የአሳማ ስብና የቻይና ቋሊማ ይገባበታል፤ «ባ ኩት ቴ» ደግሞ የአሳማ ጎድን ሾርባ ነው። «ላክሳ» በኮኮናት ወተት የሚሠራ ግሩም ኑድል ቢሆንም፣ ሽሪምፕና ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳት ስላሉበት ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የማይበላ ሰው ያልፈዋል። ሙስሊም ተመጋቢ መደቡ ላይ የተለጠፈውን የሐላል የምስክር ወረቀት ይፈልግ፤ ጌይላንግ ሰራይ በሚባለው ገበያ የማሌዎች ምግብ በብዛት ስለሚገኝ ፍለጋው ይቀልለታል።

ጾመኛ ከሆኑ ሊትል ኢንዲያ ወደሚገኘው ቴካ ማዕከል ይሂዱ። እዚያ «ቶሳይ» የሚባል፣ ከሩዝና ከጥራጥሬ ሊጥ ቦክቶ በብረት ምጣድ ላይ በስሱ የሚጋገር ቂጣ አለ፤ መጠነኛ ኮምጣጣነት ስላለውና በእጅ እየተቆረሰ በምስር ወጥ ስለሚበላ ከእንጀራ አገር የመጣ ሰው ማስተማር አያሻውም። ሲያዙ ያለ ቅቤ ይሁንልኝ ማለት ግን ያስፈልጋል። የቻይና ቡድሂስቶች የሚሠሩበት ሥጋ አልባ መደብም በብዙ ማዕከላት ይገኛል፤ አንዳንዱ እንቁላል ስለሚጠቀም ጠይቆ መግዛት ይበጃል። ስለ ቡና አንድ ቃል ልጨምር፦ «ኮፒ» ብለው ያዘዙት ቡና በጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት ይመጣል፣ «ኮፒ ኦ» ስኳር ብቻ ያለበት ጥቁር ነው፣ «ኮፒ ኦ ኮሶንግ» ሲሉ ስኳሩም ይቀራል። ፍሬው በስኳርና በማርጋሪን ወይም በቅቤ ስለሚቆላ ጀበና የለመደ ምላስ መጀመሪያ ይቃወመዋል፤ ጥብቅ ጾመኛም ይህን ይወቅ።

ከእነዚህ ሁሉ በቤት ለመሥራት የሚመቸው ከቻይናዋ ሃይናን ደሴት የመጡ ስደተኞች ያስለመዱት ዶሮና ሩዝ ነው፤ ለቅዳሜ ምሳ አንድ ድስት፣ አንድ ምጣድና አንድ ሙቀጫ ይበቃዋል። የሆከሩን ጥበብ መከተል ከፈለጉ በዚያ ቀን ሌላ ምግብ አይጨምሩ። ዶሮው የፈረንጅ ዶሮ መሆን አለበት፤ የሀበሻ ዶሮ ለወጥ እንጂ ለዚህ አይሆንም፣ በቶሎ አይበስልምና። አሥራ ሁለት ብልት ማውጣትም የለም፤ 1.3 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ዶሮ ሙሉውን ነው የሚቀቀለው።

ከሆድ ዕቃው አፍ ላይ ያለውን ስብ ቆርጠው ያስቀምጡ፤ ያለ እሱ ሩዙ ተራ ሩዝ ይሆናል። ዶሮውን በጨው አሽተው ያለቅልቁና ሆዱ ውስጥ የተቀጠቀጠ ዝንጅብልና ቅጠል ሽንኩርት ያስገቡ። የሚሸፍነውን ያህል ውኃ አፍልተው ዶሮውን ይክተቱ፤ ውኃው እንደገና ሲፈላ እሳቱን ቀንሰው ሳይንተከተክ ለ40 ደቂቃ ያህል ያብስሉት። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሆነ አሥር ደቂቃ ይጨምሩ። ጭኑ ሲወጋ የሚወጣው ፈሳሽ የጠራ ከሆነ በስሏል፤ ሮዝ ከሆነ ይመለስ። ወዲያው በረዶ ያለበት ውኃ ውስጥ ቢነከር ቆዳው ይጠብቃል፣ ሥጋውም ይለሰልሳል። በሲንጋፖርም ዶሮው ለብ ብሎ ወይም ቀዝቅዞ ስለሚቀርብ «ቀዝቅዟል» ብሎ የሚያማርር እንግዳ ቢኖርዎት አስቀድመው ይንገሩት።

የተቀመጠውን ስብ በዝግታ አቅልጠው አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ ዝንጅብል ደቆ ይጨመርበት፤ ሽታው ሲያውድ፣ ሳይጠቁር፣ ታጥቦ የተጠለለ ሁለት ኩባያ ሩዝ ያስገቡና ለሁለት ደቂቃ ያማስሉ። ከዚያ ሦስት ኩባያ ትኩስ የዶሮውን መረቅና ጨው ጨምረው ይክደኑ፤ በቀዝቃዛ እሳት 18 ደቂቃ፣ እሳቱ ጠፍቶም አሥር ደቂቃ ክዳኑ ሳይነሣ ይቆይ። ማጣፈጫው ለዳጣ ቅርብ ነው፦ ስድስት ቀይ ቃሪያ፣ ሦስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጨው ተወቅጠው በሁለት ሎሚ ጭማቂ፣ በቁንጥር ስኳርና በሦስት ማንኪያ መረቅ ይቀጥናሉ። ከጎኑ ኪያር ይቆረጣል።

ቅዳሜው በጾም ወቅት ከዋለ ያንኑ ሩዝ ያለ ዶሮው ስብ በአንድ ቆርቆሮ የኮኮናት ወተትና በአንድ ኩባያ ተኩል ውኃ ያብስሉት፤ ማጣፈጫውን በመረቅ ፋንታ በውኃ አቅጥነው፣ በተቆላ ኦቾሎኒና በኪያር ያቅርቡት።

የዶሮው መረቅ ግን አይደፋም፤ ከተረፈው ሩዝ ጋር ፍሪጅ ውስጥ ይደር። እሁድ ጠዋት አንድ ኩባያ ሩዝ በአራት ኩባያ መረቅ ሩዙ እስኪፈታ ድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል እየተማሰለ ይፈላል፤ የተረፈ የዶሮ ሥጋ ተቦጭቆ ይገባበታል፣ በቀጭኑ የተቆረጠ ዝንጅብልም ከላይ ተነስንሶ በትኩሱ ይቀርባል።